ፊታቸውን ያዞሩት ባህታዊ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። የማርያምወርቅ የምትባለው ሴት ጆሮ ግን የዚያን ቀን ጠዋት ሾላ ገበያ ውስጥ ለባለቤቱ ዘመድ ሆኖ ዋለ። ኪሎው መቶ ሃያ ብር የተጠራባት ቀይ ሽንኩርት ላይ አጎንብሳ፣ የበሰበሰውን ከደህናው በአውራ ጣቷ እየጫነች ስትለይ፣ ከጥቅል ጎመኑ ክምር ወዲያ የጎረቤቷን የነፃነትን ድምፅ ሰማች። ነፃነት በሹክሹክታ አወራለሁ ስትል ግማሹ ገበያ ይሰማታል።

«ማተቧን እኮ በጠሰች።»

«ማን?» አለች አብራት ያለችው ሴት።

«የማርያምወርቅ ናታ! አንገቷን ባዶ አድርጋ ነው የምትዞረው። ያቺ የሲ.ኤም.ሲዋ ጴንጤ ምራቷ ናት ያስበጠሰቻት። ደግፋ ወስዳ ደግፋ ስትመልሳት በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ ዛሬ ጽዋውን ለማን ልታስረክቢ ነው? ተረኛዋ እሷ አይደለችም?»

«እንዴት አድርጌ ነው የማስረክባት? ባህታዊው እንኳ ፊታቸውን ከቤቷ አዙረዋል! ከትናንት ጀምሮ ጀርባቸውን ነው የሰጧት።»

የማርያምወርቅ ሽንኩርት የያዘው እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። አንገቷ እውነትም ባዶ ነው። ስለ ማተቡ የተባለው አናደዳት። ስለ ምራቷ የተባለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አላናደዳትም፤ እሷም በልቧ የምትጠረጥረው ነገር ነበርና። ልቧን ቀጥ ያደረገው የባህታዊው ነገር ነው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ እንደ ወትሮዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ስትሰግድላቸው ጥቁር ፊታቸውንና መቋሚያቸውን አጥታ፣ ነጭ ጀርባ ብቻ ነበር ያየችው። ጭጋጉ ነው ብላ ራሷን ሸንግላ ከቤት ወጣች። አሁን ነፃነት ጭጋጉን ገፈፈችባት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ሽንኩርቱን በነበረበት መልሳ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄደች፤ ሻጩ «ማዘር፣ በመቶ አስር ይውሰዱት!» እያለ ከኋላዋ ቢጣራም ዞር አላለችም።

ቤቷ ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ፣ ኮብልስቶኑም አልቆ አቀበቱ ከሚጀምርበት ላይ የመጨረሻው ቤት ነው። ከሱ ወዲያ ገደል አለ፤ ከገደሉ ማዶ ባሕር ዛፉና የእንጦጦ ተራራ። ደጃፏ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ለሷ የጥበቃ ማማዋ ናት። እዚያ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ትለያለች። ነጠላ አጣጣሏን አይታ ሴትዮዋ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነች ትናገራለች፤ ባለ ዚፕ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘውን ጴንጤ፣ የሚያላምጥ ጎረምሳ ካየች ጫት ቃሚ፣ ፈጠን ፈጠን የሚለውን ባለ ዕዳ ብላ ትፈርጃለች። አንድ ልጇ ሕሩይ መነጽር ልግዛልሽ ባላት ቁጥር «መነጽር ለምኔ? እኔ ሰውን እስከ ሆዱ ድረስ ነው የማየው» ትለዋለች።

ባህታዊውንም መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ባለፈው ፍልሰታ፣ ጭጋጉ ገለጥ ባለ አንድ ጠዋት፣ ከገደሉ ማዶ ከባሕር ዛፎቹ ግርጌ ነጭ ለብሰው፣ በቀኝ እጃቸው መቋሚያ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ቤቷ አድርገው ቆመው አየቻቸው። የነሐሴ ዝናብ ሲወርድባቸው ንቅንቅ አይሉም። በማግስቱም እዚያው ናቸው፤ በሳምንቱም እዚያው። ሰፈሩ ተነገረው። ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ ከአግዳሚዋ ላይ ቆመው አዩ። ነፃነት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ሌላዋ ሲያማትቡ አየች፤ ለኪዳነ ምሕረት ደግሞ ልብሳቸውን መቀየራቸውን ሁሉም አየ። ቀርቦ ያናገራቸው ግን የለም። ባህታዊ ሰው እንዲቀርበው አይወድም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የማርያም ማኅበርተኞች በየወሩ በሃያ አንድ ከማኅበሩ ዳቦ ይገምሱና ከገደሉ ማዶ አፋፍ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ከሩቅ ሰግደው ይመለሳሉ። በማግስቱ ዳቦው የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይህ ለሷ ተራ ነገር አልነበረም። ሕሩይ ጴንጤ አግብቶ ሲ.ኤም.ሲ ከገባ ወዲህ በማኅበሩ ውስጥ ስሟ «ልጇን ያስወሰደችው» ሆኖ ነበር። ማንም በፊቷ አይላትም፤ ግን ዳቦው ሲቆረስ የሷ ቁራሽ ሁልጊዜ ቀጭን የምትሆን ይመስላት ነበር። ባህታዊው ከታዩ በኋላ ስሟ «ባህታዊው የተገለጡላት» ሆነ፤ ቁራሹም ወፈረ። ዛሬ ጥቅምት ማርያም ነው። ነፃነት ቤት ተሰብስበው፣ ጽዋው ከነፃነት እጅ ወደሷ እጅ መሻገር አለበት። ካልሰጧት ሦስተኛ ስም ይወጣላታል። ማኅበር የዘለለውን ሰው ደግሞ ሰፈሩም ይዘልለዋል፤ ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም። ታክሲው ውስጥ ተጠጋግታ ተቀምጣ ይህን ስታስብ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

የአንገቷ ጉዳይ እንዲህ ነው። ጉሮሮዋ ሥር አንዲት እንቅርት ብቅ ካለች ቆይታለች። ሰሞኑን መዋጥ ስላስቸገራት ሕሩይ ክሊኒክ ካልሄድሽ ብሎ ወጥሮ ያዛት፤ እሱ ለሥራ ሀዋሳ ስለነበር ሚስቱን ላከ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ልጅ «ማዘር፣ ክሩን ያውልቁት» አላት። ማተብ እንደ ጫማ አውልቁት ሲባል ሰምታ አታውቅም፤ ግን ልጁ አንገቷ ላይ ሊቀባ ያዘጋጀውን ቀዝቃዛ ነገር ይዞ ቆሟልና ፈታችው፤ ምራቷም ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ዝም ሆነ። የማርያምወርቅ ማታ ቤቷ ገብታ ነው አንገቷን የዳሰሰችው። ደውላ «ማተቤስ?» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። አስባ ነው የያዘችብኝ፤ ስለምናት ልታይ ነው፤ ወይ ደግሞ ጥላዋለች አለች በልቧ። በማግስቱ ምራቷ ፓፓያ ይዛ መጣች። ስለ እንቅርቷ፣ ስለ ሕሩይ፣ ስለ ቤት ኪራይ ዋጋ አወሩ፤ ስለ ማተቡ ሁለቱም ዝም። አዲስ ክር ገዝቶ ማሰርማ ቀላል ነበር፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸጣል። ያኛው ግን ሟች ባሏ ከግሸን ያመጣላት ነው፤ ደግሞም አዲስ ማሰር መሸነፍ መሰላት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በአማትና በምራት መካከል ያለው ዝም ግን ይነቅዛል።

ቤቷ ስትደርስ ምራቷ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጵርስቅላ ትባላለች። ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን የማኅበሩ ቄስ መምሬ ወልደ ኢየሱስ ነግረዋታል፤ ቢሆንም ምላሷ ላይ ይጠማዘዝባታልና «አንቺ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራት። ልጅቱ ዛሬም ፓፓያ ይዛለች።

«እማማ፣ ውጤቱ መጣ! ክፉ ነገር የለውም አሉ። ጌታ ይመስገን።»

«ይመስገን» አለች የማርያምወርቅ ቆጠብ ብላ፣ ዘንቢሏን ደጃፍ ላይ እያስቀመጠች። ከዚያ ሳትቀመጥ ነጠላዋን አጥብቃ መስቀለኛ ለበሰች።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ተራራ። ከባህታዊው ጋር ጉዳይ አለኝ።»

«ለብቻዎ? በዚህ አቀበት? አብሬዎት ልሂድ።»

አይሆንም ልትል ነበር፤ ጉልበቷ ግን አልተስማማም። ደግሞስ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ቢቀርቡ ምን ክፋት አለው አለችና ፊት ፊት መራች።

መንገዱ በባሕር ዛፉ መሀል ያልፋል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ይወርዳሉ፤ ጠባብ ስፖርት ልብስ የለበሱ ወጣቶች ከታች እየሮጡ ይወጣሉ። አንዱ የሚበላውን ፍለጋ ይወርዳል፣ ሌላው የበላውን ለማቅለጥ ይወጣል፤ ቀጭኗ መንገድ ላይ ሲተላለፉ የሚቆመው እንጨት ተሸካሚው ነው። ጵርስቅላ ቀና ብላ ዛፎቹን አየችና «ደስ ሲል ደኑ» አለች። የማርያምወርቅ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። «የጥንት የአባቶቻችን ደን ነው። መጤ ነገር ያልነካው» አለች፣ «መጤ» የሚለውን ጠበቅ አድርጋ። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ እየተናገረ ነው። ኮተቤ ኮሌጅ የተማረችው ጵርስቅላ ይህን ልትል አፏን ከፈተች፤ የአማቷን ጀርባ አየችና መልሳ ገጠመችው። ጥቂት እንደሄዱ ግን ሌላ ነገር አላስቻላት አለ።

«እማማ፣ ባህታዊው ዝናብ ሲመጣ የት ነው የሚጠለሉት?»

«አይጠለሉም።»

«ሲደክማቸውስ አይቀመጡም?»

«ተቀምጠው ያያቸው የለም።»

«ዳቦውንም ቆመው ነው የሚበሉት?»

የማርያምወርቅ ቆም ብላ ዞረችና ፊቷን መረመረች። ፌዝ ፈለገች፤ አጣች። ልጅቱ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። ይህ ይበልጥ አናደዳት፤ ለራሷ አንድ ቀን እንኳ ያላነሳችው ጥያቄ ነበርና።

ገደሉን ተሻግረው፣ ዳቦ የሚቀመጥበትን ድንጋይ አልፈው ወደ ላይ ሲወጡ፣ በሰለለ ገብስ መሀል ነጩ ጀርባ ታየ። የማርያምወርቅ ጫማዋን አወለቀች። ጵርስቅላም አይታ የሷን አወለቀች፤ ሸራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆመች። አሮጊቷ ራመድ ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«አባቴ ይፍቱኝ! ምን ባጠፋ ነው ፊትዎን ያዞሩብኝ? ማተቤን እኔ አልበጠስኩም። ሐኪም ነው ያስፈታኝ። ከዚያ ምራቴ ወሰደችውና… ጣለችብኝ መሰለኝ። አንድ ልጄን ወሰደች፤ ዝም አልኩ። ክሬን ደግሞ ወሰደች። አባቴ፣ ዛሬ ጽዋዬንም ሊነሱኝ ነው!» አለች። ከኋላዋ ያለችውን ምራቷን ጨርሶ ረስታት ነበር። ባህታዊው መልስ አልሰጡም። ነፋስ መጥቶ ልብሳቸውን ሲያነሳው ውስጡ የባሕር ዛፍ አጣና ብቻ ሆነ።

«እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ አንድ ድምፅ። ጠና ያለ ሰው በእጁ ወንጭፍ ይዞ ከገብሱ መሀል ብቅ አለ። «ሰቦቃ ነኝ፣ የማሳው ባለቤት።»

የማርያምወርቅ በዝግታ ተነስታ በፊት በኩል ዞረች። ፊታቸው በእሳት የጠቆረ የሸክላ ድስት ነው። መቋሚያቸው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ደረታቸው ላይ «ዩሪያ፣ ሃምሳ ኪሎ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አየችው ማለት ይሻላል።

«ጦጣ ናት መከራዬን ያበላችኝ» አለ ሰቦቃ፣ እንግዶቹ ማሳውን ሊያደንቁ የመጡ መስሎት። «አንድ ሰሞን ትፈራውና ትለምደዋለች። በነሐሴ ልብሱን ቀየርኩለት። አሁን ደግሞ በታች መምጣቱን ትታ በላይ በኩል ስትመጣ፣ ትናንት ወደዚያ አዞርኩት። ጦጣ እኮ እንደ ሰው ቶሎ አትታለልም።»

«ድንጋዩ ላይ የምናስቀምጠውስ ዳቦ?» አለች የማርያምወርቅ።

ሰቦቃ ወንጭፉን ዝቅ አደረገ። «እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለ። ፊቱ ላይ ቅሬታ ታየ። «እኔማ የአቦ ስእለት ነበረብኝ። ዳቦውን ሳገኝ ተሰማልኝ ብዬ ለልጆቼ በረከት ነው እያልኩ እቆርስላቸዋለሁ። ሰው ያስቀምጠዋል ብዬ አስቤም አላውቅ።» በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ተአምር ሞተ። ሰቦቃ ግን ሐዘኑን ሳይጨርስ ማዶ ያለውን ቤት፣ ከዚያም እሷን አየና ፊቱ በራ። «ጠዋት ጠዋት እዚያ ደጃፍ ላይ ብድግ ቁጭ እያሉ ስፖርት የሚሠሩት እናት እርስዎ ነዎት አይደል? ለልጆቼ ‹እዩ፣ በዚህ ዕድሜያቸው!› እያልኩ ስንቴ አሳይቻቸዋለሁ።»

የማርያምወርቅን መጀመሪያ ሳቅ ነው ያፈናት። ሆዷን ይዛ ድንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያጎነበሰችለት ጆንያ! ሰውን እስከ ሆዱ አያለሁ ያለች ሴት ድስት ከፊት አልለየችም። ታዲያ ሌላስ ምን አይቻለሁ? አለችና ቀና ስትል ምራቷን አየቻት። ጵርስቅላ ባዶ እግሯን ገብሱ መሀል ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል።

«የጣልኩት መስሎዎት ነው?» አለች። ከቦርሳዋ ባለ ዚፕ መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣችና ዚፑን ከፈተች። ማተቡ ከነመስቀሉ በንጹሕ ሶፍት ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጧል። «በመጣሁ ቁጥር ይዤው እመጣለሁ። ብሰጥዎት እምነትዎ ውስጥ የገባሁ ይመስልዎታል ብዬ ፈራሁ። ባልሰጥዎት የደበቅኩ። እርስዎ ሲጠይቁኝ እሰጣለሁ አልኩ። እርስዎ አይጠይቁኝም። ይዤው እመለሳለሁ።»

የማርያምወርቅ ማተቡን ከነሶፍቱ ዳሰሰችው። አፈረች፤ ከነፃነት ፊት ሳይሆን ከዚህች ልጅ ፊት። ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች።

«እሰሪልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ጣቴ ቋጠሮ አይታዘዝልኝም። ወይስ ለሰቦቃ ልንገረው?»

ጵርስቅላ ማተብ አስራ አታውቅም። ሁለቴ ላላባት፤ በሦስተኛው ያዘ። ሰቦቃ ነገሩ ባይገባውም የሆነ ነገር መበላሸቱ ገብቶታልና «ካዘኑ ወደ ቤትዎ መልሼ አዞረዋለሁ» አለ። የማርያምወርቅ «ተው ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ ገብስህን ለጦጣ አታስበላ» ብላ መርቃው፣ የምራቷን ክንድ ይዛ ቁልቁል ወረደች።

ነፃነት ቤት ሲደርሱ ጵርስቅላ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነይ ግቢ ብትባል «ግድ የለም፣ ሰው እንዳይረበሽ። እጠብቅዎታለሁ» አለች። የማርያምወርቅ ብቻዋን ገባች። ሳሎኑ ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ የእድሩ ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው፣ ጠላው በጆግ እየዞረ ነው። መምሬ ወልደ ኢየሱስ ጥጉ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግናሉ። ወሬው በአንዴ ቀጥ አለ። ዐይን ሁሉ አንገቷ ላይ አረፈ። ነፃነት አፏን በእጇ ያዘች።

«አስራዋለች! ረፋዱን ተራራ ስትወጣ አይቻታለሁ!» አለች። «ባህታዊው ናቸው! ባህታዊው መልሰው አሰሩላት!» አንዷ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ጽዋው በእጇ ነበር። እንዲያውም ከጽዋ በላይ፤ ስሟ ከበፊቱ ይበልጥ ይገዝፍ ነበር። ግን ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትዝ አለቻት። ዝም ካለች፣ ክሩን ጠብቃ ያቆየችው ልጅ ከእጇ ባህታዊ ያስጣለባት ሌባ ሆና ልትቀር ነው።

«ባህታዊ የለም» አለች የማርያምወርቅ። እልልታው ተንጠልጥሎ ቀረ። «ማን ያውራ የነበረ፤ እኔ ቀርቤ አየሁት። ጆንያ ነው። ራሱ ድስት ነው። ሰቦቃ የሚባል ገበሬ ለጦጣ ማስፈራሪያ ያቆመው ነው፤ ዳቦውንም የሚወስደው እሱ ነው። ክሬን ያሰረችልኝ ምራቴ ናት። ያቺ የሲ.ኤም.ሲዋ። ጠብቃ ያቆየችልኝም እሷ።»

የሚዞረው ጆግ ባለበት ቆመ። አንዷ ሳል ጀመራት። ከዚያ ነፃነት ቀስ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እንዳዘነችላት ሁሉ።

«አያችሁ?» አለች። «ተሰወሯት! ለበቃ ሰው ባህታዊ፣ ላልበቃ ሰው ጆንያ ሆነው ነው የሚታዩት።»

«እውነት ነው» አሉ ሴቶቹ። እንዲህ ላለ ነገር መልስ ከየት ይመጣል? መምሬ «ጽዋው የባለ ተራው ነው፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው…» ብለው ሊጀምሩ ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። ነፃነት ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «ለሚቀጥለው ተረኛ ይለፍ» አለች፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ደገፋት። የማርያምወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ስንት ዓመት የጠጣችበት ማኅበር ነው፤ እውነት ስለተናገረች ከእጇ ሊወጣ ነው። ያኔ ነው አየር ልትቀበል ደጃፍ የወጣችው ሴት የጮኸችው።

«ኑ! ኑ ውጡ! እዩ!»

ተጋፍተው ወጡ። ከገደሉ ማዶ፣ የከሰዓት ፀሐይ ባረፈበት ገብስ መሀል፣ ጥቁሩ ፊት ተመልሷል። መቋሚያው በቀኝ እጅ ነው። ፊታቸው በቀጥታ ወደ የማርያምወርቅ ቤት ሆኗል። ነፃነት ጽዋውን እንደያዘች በጉልበቷ ወረደች። «መለሱላት! ፊታቸውን መለሱላት! ይቅር በይኝ እህቴ፣ ይቅር በይኝ!» እያለች ጽዋውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት። የማርያምወርቅ «ሰቦቃ እኮ ነው…» ልትል ሞከረች፤ ድምፅዋን እልልታው ዋጠው። እውነት ያላስገኘላትን ጽዋ ጆንያው አስገኘላት። ልተወው? አለች ለአፍታ። ግን ተራዋ ነው፤ ተራ ደግሞ የጆንያም የነፃነትም አይደለም። ተቀበለች። መምሬ ሲባርኩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ያ ሰቦቃ ያልሽው ሰው ደግ ሰው ነው መሰለኝ» አሏት በቀስታ፤ ከጢማቸው ሥር ሳቅ ነበረች።

ጧፍ የያዙት እየዘመሩ ከኋላዋ ተሰለፉ። በሩ ላይ ስትደርስ ጵርስቅላ መንገድ ለመልቀቅ ወደ አጥሩ ተጠግታ ቆማ ነበር። የማርያምወርቅ ቆመች። ሰልፉም ቆመ።

«ጵርስቅላ» አለች። ስሙ ምላሷ ላይ አልተጠማዘዘም። «ነይ ክንዴን ያዢኝ። አቀበቱ ላይ ጽዋው እንዳያመልጠኝ።»

መዝሙሩ አንድ ጊዜ ተሰናከለና ቀጠለ። ሁለቱ ተደጋግፈው ዳገቱን ወጡ። አግዳሚዋ ጋ ሲደርሱ የማርያምወርቅ ጽዋውን እንደያዘች ወደ ማዶ ዞራ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ደግሞ ለጆንያው?» አለች ጵርስቅላ በሹክሹክታ።

«ለሰቦቃ ነው። ይሄኔ ጦጣዋ በላይ በኩል ገብታ ገብሱን እየጨረሰችበት ነው።»

ጵርስቅላ ወደ ማሳው አየች። እሷም እጅ ለመንሳት ያህል ጎንበስ አለች። ጧፍ ይዛ ከኋላቸው የቆመችው ነፃነት ደግሞ ያቺ የሲ.ኤም.ሲዋ ጴንጤ ለባህታዊው ስትሰግድ በዐይኗ በብረቱ አየች።